እርሾ የሌለው ሽቦ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእትዬ፣

አንቺም አጎታችንም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። አጎታችን በስልክ ስለማይሰማቸው ነው ብዕር ያነሳሁት። ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አሁንም አልወፈርኩም፤ ጭራሮ ብለው ስም ያወጡልኝ ሰው አልተሳሳቱም።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ብቻ ነው።

የምሠራውን ነገር በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ከልብስ መርፌ የቀጠነ የብረት ሽቦ አለ። እሱ ላይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ልባስ አለብሳለሁ። ሽቦውን ውሃ ውስጥ፣ ወተት ውስጥ፣ የተፈጨ ቲማቲም ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆመዋለሁ። ልባሱ እዚያ ውስጥ የተደበቀውን ኬሚካል ይጠጣል። ከዚያ ሽቦውን መሣሪያ ውስጥ አስገብቼ አግለዋለሁ፤ የጠጣውን ይተፋል፣ መሣሪያውም ምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ ይነግረኛል። በአንድ ታንከር ውሃ ውስጥ ከጠብታ ያነሰ የተባይ መድኃኒት ቢኖር እንኳ አያመልጠንም።

ችግሩ ልባሱ አይጸናም። ሦስት አራት ጊዜ ሲግል እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ተላጥቶ ይረግፋል። ፕሮፌሰሩ እስከ ግንቦት ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ሽቦውን እያየሁ አጎታችን የቀቧቸው የበር እጀታዎች ትዝ አሉኝ። ስንት ሺህ እጅ ጨብጧቸው አንዱም አልተላጠም። ብረት ላይ ልባስ እንዴት እንደሚጸና አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አላውቅም።

ለምን እንደማላውቅ መቼም አትረሺውም። እህትማማቾቹ እናቶቻችን በአንድ ዓመት ሞተውብን አጎታችን ጋ በገባን በሁለተኛው ክረምት፣ ሁለታችንንም የጸዳ የመዳብ ማንኪያ አስጨብጠው እስከ መቶ አስቆጠሩን። ብር በሚቀቡበት ገንዳ ውስጥ ነከሯቸውና ሊያጥቧቸው ወደ ጓዳ ወሰዷቸው። ይዘዋቸው ሲመለሱ ያንቺ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ የእኔ ላይ አምስት ጣቶቼ ታትመው ቀርተዋል። «ይቺ እጇን ያልባታል፤ ለቅብ አትሆንም፣ ትምህርት ቤት ትሂድ» አሉ። አንቺ ቀረሽ፣ እኔ ሄድኩ።

እባክሽ እትዬ፣ ዘዴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፊልኝ።

እህትሽ ጭራሮ

ኅዳር 9

ለተማረችው እህቴ፣

ጤና ይስጥሽ። እኛ አለን፤ አጎታችን ከወንበራቸው፣ እኔ ከገንዳው ሳንነቃነቅ አለን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ያንቺን ሳይሆን የእሳቸውን ክፍል። ከዚያ ፎቶሽን አምጪ አሉኝና የንግድ ፈቃዱ የነበረበት ቦታ ላይ አሰቀሉኝ። ፈቃዱ ጓዳ ገባ። አሁን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ጓዳ ድረስ አስገብቼ ነው የማሳየው። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ትሪውን ከእጁ የምቀበለው እኔ፣ የምነክረው እኔ፣ ጠቅልዬ የምሰጠው እኔ፤ እሳቸው ግን በጣታቸው ወደ ግድግዳው እያሳዩ «ይህቺ ናት» ይላሉ። ሰውየውም ትሪውን ረስቶ አንቺን ያያል። እጄ አመድ አፋሽ ነው። የምሬን ነው ደግሞ፤ የብረቱን ቅባት የምናስለቅቀው በአመድ ነውና።

እጇን ያልባታል ተብለሽ አገር አየሽ። እኔ እጄን ስላላላበኝ ይኸው እዚሁ ነኝ። እስቲ ማናችን ነን የወደቅነው?

ለማንኛውም የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ሽቦሽን በአመድና በውሃ እሺው። ቀጥሎ ቀጭን አሲድ ውስጥ ንከሪው፤ አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ ደብዘዝ ሲል አውጪው። ሦስት ቦታ በተቀመጠ ውሃ አንድ በአንድ እጠቢው። በእጅሽ እንዳትነኪው፣ በመቆንጠጫ ብቻ። ከዚያ ሳይደርቅ ወደ ገንዳሽ ክተቺው፣ ኤሌክትሪኩንም ዝግ አድርገሽ ልቀቂበት፤ የቸኮለ ይላጣል። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

እህትሽ

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ እጅ መንሻ ሆኖ ይድረስሽ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። አመድ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞሬያለሁ፤ እዚህ እንጨት የሚያነድ ሰው የለም። በመጨረሻ አንድ ዳቦ ጋጋሪ በወረቀት ከረጢት ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ግን ሠራ። አራት ጊዜ ሲግል ይረግፍ የነበረው አሁን እስከ ስምንት ጊዜ ይቆያል። በጠዋት በማውቀው መርዝ ፈትኜው በትክክል ያዘልኝ።

ባለፈው ሐሙስ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አስረዳሁ። ይህን ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «የአጎቴ ዘዴ ነው፣ የብረት ቅብ ባለሙያ ናቸው» አልኳቸው። አጨበጨቡ። ለአጎታችን ንገሪልኝ፣ ደስ ይላቸዋል።

ስምንት ጊዜ ግን አይበቃም፤ ቢያንስ ሃምሳ መድረስ አለበት። አሲዱ ውስጥ የማቆየው ደቂቃ ይሆን? ካስታወስሽ ጻፊልኝ።

ጭራሮ

ጥር 15

ይድረስ ለጭራሮ፣

እንደምን አለሽ። ጭብጨባሽን ለአጎታችን አንብቤላቸዋለሁ። «የአጎቴ ዘዴ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገንዳው ላይ የጎበጥኩት ለማን ዘዴ እንደሆነ አንቺም አልጠየቅሽ፣ እሳቸውም አልጠየቁ። እሺ፣ ነገር አላበዛም። የጻፍኩልሽ በሌላ ጉዳይ ነው።

አጎታችን አሟቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሳይሞቃቸው ያልባቸዋል፣ ምራቃቸው ይዝረከረካል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ትናንት ሹካውን ወደ አፋቸው ማድረስ አቅቷቸው እኔ አጎረስኳቸው። ሐኪሙ እርጅና ነው ብሎ ሸኘን። እኔ ግን ውሃውን ነው የምጠረጥረው። ከግንባችን ጀርባ ባለፈው ዓመት የተባይ መድኃኒት መጋዘን ተከፍቷል። በርሜሎቹን እያጠቡ እጣቢውን እዚያው ነው የሚደፉት። የእኛ ጉድጓድ ከግንቡ ስምንት እርምጃ ነው። እኔ የቧንቧ ነው የምጠጣው። እሳቸው ግን የቧንቧ ውሃ ብረት ብረት ይለኛል ብለው ከጉድጓዱ ካልሆነ አይጠጡም።

አይጠጡ ስላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ? «ጭራሮ መርምራ አይጠጡ ካለችኝ አቆማለሁ።» አብሬያቸው የምኖረው እኔ፣ የሚሰሙት አንቺን። ከእሳቸው ጋር ግን እልህ አልጋባም። ሁለት ጠርሙስ ውሃ በካልሲ ጠቅልዬ በመንገደኛ ልኬልሻለሁ። ለኪና እውነቱን ጻፊ።

እህትሽ

የካቲት 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ምሕረቱን ለአጎታችን ያውርድላቸው፤ እኔም ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፌ ተዛብቷል።

ጠርሙሶቹ በደህና ደርሰዋል። አንዱን ከፍቼ ለካሁ፣ ሌላውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ። እዚህ ከፋብሪካ ተገዝቶ የመጣ ሽቦ አለ፤ በሱ አልለካሁም። የአጎታችንን ውሃ በአጎታችን ዘዴ በራሴ እጅ በሠራሁት ሽቦ ለካሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ደስ ስላለኝ ነው።

ውሃው ንጹህ ነው እትዬ። ምንም አልተገኘበትም። ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦ አጎቴ፣ ውሃዎን ይጠጡ፤ ሕመሙ ከሌላ ነገር ነው፣ ሌላ ሐኪም ይዩ።

ጭራሮ

መጋቢት 8
(ይህ ሳይላክ የቀረ)

ጭራሮ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ጭራሮ እንዲህ እንደምትል አውቅ ነበር ብለው ሳቁ። ማንቆርቆሪያውን ሙይልኝ አሉኝ፣ ሞላሁላቸው። እየተንቀጠቀጡ ጠጡ፣ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

እኔ ግን ሽቦሽ እንደሚላጥ አውቃለሁ። አንድ ነገር ስላልነገርኩሽ ነው የማውቀው። ብረት ላይ ልባስ እንዲሁ አይይዝም። ከአሲዱ በኋላና ከገንዳው በፊት እርሾ አለ። እርሾ የምንለው ስስ የኒኬል ልባስ ነው፣ ለዓይን እንኳ አይታይም። በኃይለኛ ኤሌክትሪክ እስከ ስልሳ ቆጥረሽ ታወጪዋለሽ። እሱ ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል፣ የላይኛው ልባስ ደግሞ እሱን ይይዛል። እርሾ የሌለው ቅብ ለገበያ ቀን ያምራል፣ ከዚያ ይረግፋል። አጎታችን ይህን ያሳዩኝ አራት ዓመት ካስጠረጉኝ በኋላ ነው።

ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ፎቶው ያንቺ፣ ደብዳቤው ያንቺ፣ ጭብጨባው ያንቺ። ይህቺ አንዲት ነገር እንኳ የእኔ ትሁን አልኩ። ቀንቼብሽ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሽቦሽ ቢላጥ አንድ ስብሰባ ላይ ታፍሪያለሽ፣ ከዚያ አይብስም ብዬ ነበር። እኔው ተመልሼ የአጎታችንን ውሃ በዚያው ሽቦ እንድትለኪ እልክልሻለሁ ብዬ በምን ላስብ?

ይህን ብልክልሽ ምን ትይኛለሽ? ለሳቸውስ ማን ያነብላቸዋል?

መጋቢት 30

ጭራሮ፣

ሰላምታ የማበዛበት ፊት የለኝም። ቅዳሜ አጎታችን ጉድጓዱ አጠገብ ወደቁ። ሐኪም ቤት ናቸው፤ ነፍሳቸው አለች።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ረስቼው አይደለም። ከአሲዱ በኋላ ኒኬል ገንዳ ውስጥ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ እስከ ስልሳ ቆጥረሽ እርሾ ማልበስ አለብሽ። እሱ ስለሌለው ነው ልባስሽ የሚረግፈው። በቅናት ደበቅኩሽ። ውሃው ንጹህ ነው ያልሽው ሽቦው ስለተላጠ ይመስለኛል። የቀረውን ጠርሙስ በተገዛው ሽቦ ለኪው። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ጉድጓዱን ቁልፍ አስገብቼበታለሁ። ለሳቸው ደግሞ ሌላ ኃጢአት ሠራሁ። አልጋቸው አጠገብ ባዶ ወረቀት ዘርግቼ ያንቺ ደብዳቤ ነው ብዬ አነበብኩላቸው። «አጎቴ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ውሃውን አይጠጡ፣ እባክዎ» ብላለች አልኳቸው። ዓይናቸው ፊደል አይለይም፤ ሰሙኝ። ካሁን በኋላ አይጠጡም።

የፈለግሽውን በይኝ። መልስ ብቻ ላኪ።

እህትሽ

ሰኔ 2

ለእትዬ፣

ሁለት ወር የውሃ ሽታ ሆኜ ቀረሁ። ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ የሁሉም መጀመሪያ ስድብ ነበር። የውሃውን ውጤት ግን ያኔውኑ ለሐኪሙ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ነግሮሽ ይሆናል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ በተገዛው ሽቦ ለካሁት። መርዝ አለበት። ይህ መርዝ ልክ እንዳልሽው ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ምራቅ ያዝረከርካል። ሰው ሊጠጣው ከሚፈቀደው አርባ እጥፍ ነው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ውሰጂው።

የራሴን ሽቦ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ግማሹ ራቁቱን ቀርቷል። ባዶ ብረት ምን ይጠጣል? በጠዋት ፈትኜው ነበር፣ ሠርቶ ነበር። ያንቺን ውሃ ስለካ ግን ሽቦው ሲግል አምስተኛው ነበር፤ ስምንት ይቆያል ብዬ ተማምኜ ከዚያ በኋላ ደግሜ አልፈተንኩትም። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። ተማሪ ቢሠራው አባርረዋለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ጥፋት አንቺ ብቻሽን አትውሰጂው፤ እዚህም ስስታም አትሁኚ።

ለምን በተገዛው እንዳልለካሁ አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር። አሁን ልንገርሽ። አጎታችን አንድ ቀን እንኳ «ጭራሮ በእጇ ሠራች» እንዲሉ ፈልጌ ነው። ትምህርት ቤት መላኬን ሰው ሁሉ ዕድል ይለዋል። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አጎታችን ገንዳው ላይ እጃቸውን እጅሽ ላይ አድርገው መቆንጠጫ ሲያስይዙሽ አይ ነበር። እኔን ለማስያዝ ጣቴን እንኳ ነክተው አያውቁም። እዚህ ከመጣሁም ጓንት ሳላጠልቅ ምንም ነገር አልነካም፤ አብረውኝ የሚሠሩት ለጥንቃቄ ይመስላቸዋል። የምቀናው በዚያ ነው እትዬ፤ አንቺ በእኔ ስትቀኚ እኔ ባንቺ።

እርሾውን ሠራሁት። መቶ ሃያ ጊዜ አግዬው አልተላጠም። መዝገቡ ላይ ሌላ ስም አላወጣሁለትም፣ እርሾ ብዬ ጻፍኩት። ፕሮፌሰሩ ቃሉ አልሆንለት ብሎ ቀኑን ሙሉ «ኢርሶ፣ ኢርሶ» ይላል። ሥራው የማን ነው ሲለኝ የእህቴ ነው አልኩት።

አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን ስለ ጤናቸው ጻፊልኝ።

ጭራሮ

ሐምሌ 4

ይድረስ ለእህቴ ለጭራሮ፣

ያለፈው ይለፍና እንደምን ሰነበትሽ? አጎታችን ቤት ገብተዋል። መንቀጥቀጡ ጋብ ብሏል፤ ማንኪያ ይይዛሉ፣ መቆንጠጫና ገንዳ ግን በቃቸው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች በወረቀትሽ መጥተው ጉድጓዱን አሽገዋል፣ መጋዘኑንም ከስሰዋል። አለቃቸው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ፎቶሽን አየ። አሁን እንኳ አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ነው።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አነበብኩላቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት መስመር ሳልዘል፣ «ላንቺ ብቻ» የተባለውንም የእኔንም ጉድ ጨምሬ። ባዶውን ወረቀት ማንበቤንም ነገርኳቸው። «አውቃለሁ፣ ጭራሮ እባክዎ ብላ አታውቅም» አሉኝ። ታዲያ ለምን ሰሙኝ ስላቸው «እያለቀስሽ ታነቢ ነበር» አሉ።

ከዚያ «የመዳብ ማንኪያ አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። «በአመድ እሺው፣ ከዚያ በባዶ እጅሽ ያዢው» አሉ። እንደ ልጅነታችን እስከ መቶ አስቆጠሩኝ። ገንዳው ውስጥ ነከርኩት፣ አወጣሁት። አምስት ጣቶቼ ታትመውበት ወጡ።

ማንኪያውን እያየሁ ሠላሳ ዓመት መቆንጠጫ የያዝኩት ለምን መስሎኝ እንደነበር ራሴን ጠየቅሁ። የማንም እጅ ያልባል። የማንም ጣት ቅባት አለው። ይህን ለስንት ሠራተኛ አስተምሬያለሁ፤ አንድ ቀን ግን ስለዚያች ማንኪያ አላሰብኩም። ያን ቀን የሁለታችንም ታትሞ ነበር ጭራሮ። ጓዳ ወስደው የእኔን ብቻ ፍቀው እዚያው በትንሽ ገንዳ እንደገና ነከሩት።

ለምን አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አልደብቅሽም። «ትምህርት ቤት ለመላክ አቅሜ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። አንዷን መላክ፣ አንዷን ማስቀረት ነበረብኝ። እኔ መረጥኩ ካልኳችሁ አንዷ ትጠላኛለች፤ እጃችሁ መረጠ ካልኳችሁ ግን ትቀበላላችሁ ብዬ ነው» አሉ። ለምን እኔን እንዳስቀሩ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይቀርልኛል ብዬ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ግን አንቺን አላዩም።

ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም። ምግብ አቀርባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እወጣለሁ። እሳቸውን ላስብ ስል በር ላይ ደብተር ይዛ የቆመች ልጅ ትመጣብኛለች። እሷን ላስብ ስል ገንዳ ላይ የጎበጠች ልጅ ትመጣብኛለች። ሁለቱም የሚቀኑት በሐሰት ማንኪያ ነበር። በአራተኛው ቀን ማስታረቂያ መሆኑ ነው መሰለኝ ከመሳቢያቸው የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ያንቺ ማንኪያ ነው። ትንንሽ ጣቶችሽ እስካሁን አሉበት። የእኔስ ስላቸው «ያማረ ስለነበር ተሸጠ» አሉ።

ያንቺን አስቀምጠው የእኔን ሸጡት። እንግዲህ ቀናሁ ብልሽ አትፍረጂብኝ።

ያንቺን ማንኪያ ከፎቶሽ ሥር ሰቅዬዋለሁ፤ ፈቃዱም ከጎኑ ተመልሷል። ያሁኑን በካልሲ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ጣቶቹ የእኔ ናቸው። ጓንትሽን አውልቀሽ ያዢው። አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ እንዳትሸጪው።

እህትሽ